በጃንጥላ የታየ ገዳም

መስከረም 28 ቀን

ለምወድሽ ለድንቢጤ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሥራሽን የቀና፣ ደጅሽን የሰላም ያድርግልሽ። እናትሽ በሕይወት ብትኖር የምትመርቅሽን እኔ በእሷ ፈንታ መርቄሻለሁ። በሥጋ ቢቆጠር የእናትሽ የአክስት ልጅ ነኝ፤ ሰው «ሩቅ ነው» ይላል። ከሰባት ዓመትሽ ጀምሮ ማን እንዳሳደገሽ ግን እኔና አንቺ እናውቃለን።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በንዴት ነው የምጽፍልሽ።

ባለፈው ሰኞ የቅርስ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሰበሰበን። እኔ፣ ትኬት ቆራጩ፣ ሁለቱ ሣር አጫጆችና አዲሷ አስጎብኚ። ጠረጴዛው ላይ የመጽሐፍ ቁልል አለ፤ ሽፋኑ ላይ የእኛው ገዳም ፍርስራሽ፣ ያ ጣሪያ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ከነቅስቶቹ። «ከዛሬ ጀምሮ ለጎብኚ የሚነገረው እዚህ ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ አጥኑት» አለን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እርስዎም ጋሼ ቁልፉ፣ ከራስዎ እየጨመሩ መተረክ ይቁም» አለኝ። የዚህን ገዳም ቁልፍ ይዤ ጎብኚ ባስተናገድኩበት ሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ የተናገረኝ የለም።

ቤቴ ገብቼ መነጽሬን አጥልቄ ከፈትኩት። ድንቢጤ፣ የራሴን ድምፅ ነው ያነበብኩት! የምሥራቁን ግድግዳ የጠረበው ሰው ግራኝ ነበር ይላል። ያንን ለማወቅ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ታውቂያለሽ። አባቴ ድንጋይ ጠራቢ ስለነበር የመሮ ጭረት ወዴት እንደሚያጋድል ከልጅነቴ አያለሁ፤ የሌሎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል የዚያ ሰው ብቻ ወደ ሌላው ያጋድላል። አርባ አንዱም የጠራቢዎች ምልክት አለ፣ ተንበርክኬ አንድ በአንድ የገለበጥኩት። ከወጥ ቤቱ ሥር ወደ ውሃው ቦይ የሚያወርደው አሥራ ሰባት ደረጃም አለ፤ ያውም «አሥራ አራተኛው ተሰብሯልና ተጠንቀቁ» ከሚለው ጋር። እኔ በአፌ እንደምለው!

ጸሐፊው የእኛው አገር ሰው ሆኖ አንቺ ባለሽበት አገር የሚያስተምር ፕሮፌሰር ነው። አስታወስኩት። የዛሬ ሁለት ዓመት በዝናብ መጣ፤ ጃንጥላውን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ሁለት ሰዓት ቆየ። ጫማው እንዳይበላሽ ሣሩን አልረገጠም። ወጥ ቤቱ ወዴት እንደሆነ ልነግረው ስል ሰዓቱን አይቶ «ይበቃል» አለ። ታዲያ ይህን ሁሉ ከየት አመጣው?

የጠረጠርኩትን ልንገርሽ። ያየሁትን ሁሉ የምጽፍበት ደብተሬ የሚቀመጠው ትኬት ቤት ነው፤ የዚያ ቤት ሁለተኛ ቁልፍ ያለው ትኬት ቆራጩ ጋ ብቻ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምሳ አብረን የበላን ሰው! ትናንት በሰው ፊት «ሸጥከኝ» አልኩት። ትኬቱን መቁጠር ቀጠለ። ዝም ያለ ሰው ምን ማለቱ ነው?

አንቺ መጽሐፍ የሚጠረዝበት ቤት ነው የምትሠሪው። ይህ ሰው ማን እንደሆነ፣ ማን እንደነገረው ጠይቂልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ንዴቱ ያልበረደለት ጋሼሽ


ኅዳር 3 ቀን

ለውድ ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ዕድሜና ጤና አይንሳዎት። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በዝቶ ነበር። የጥራዝ ክፍላችን ወደ ምድር ቤት ተዛውሯል፤ ሙጫው ቶሎ አይደርቅም፣ ቀኑን ሙሉ መብራት አብርተን ነው የምንሠራው። እኔ ግን ደህና ነኝ።

ስለ መጽሐፉ የጻፉልኝን አነበብኩ። እርስዎ እንዳይታመሙብኝ ነው የምፈራው። መጽሐፉ ስለ ገዳሙ እውነቱን ከተናገረ፣ ብዙ ሰውም አንብቦት ለጉብኝት ከመጣ፣ አንዳንዱን ነገር ሆድ ይፍጀው ብሎ ማለፍ አይሻልም? ትኬት ቆራጩንም ባይከሱት ጥሩ ነው፤ እኔ እስከማውቀው ደግ ሰው ነው።

ለጉልበትዎ የሚሆን ወፍራም ኮት በሰው ልኬያለሁ፤ እስከ ጉልበት ይደርሳል። የመጽሐፉ ነገር ሌላ ጊዜ ይደርሳል። ሐኪም ቤት ሄዱ ወይ?

ልጅዎ ድንቢጥ


ኅዳር 29 ቀን

ለድንቢጥ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ኮቱ ደርሶኛል። ኮት አልጠየቅኩም፤ የጠየቅኩት የሰው ማንነት ነው። ሰባት መስመር ስለ ሙጫ ጽፈሽ ስለ ሰውየው አንድም አልጻፍሽ።

የሆነውን ስሚ። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ለጉብኝት መጡ፤ መጽሐፉን ይዘዋል፣ መስመር እያሰመሩ ያነበቡ ሰው ናቸው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ጎንበስ ብለው ከግድግዳው ግርጌ ያለችውን ቀዳዳ አዩና፣

«የድመቷ በር ይህ ነው?» አሉኝ።

«እመቤቴ፣ ይህ የእቃ እጣቢ መፍሰሻ ነው።»

«ኧረ የለም! ገጽ ስልሳ አራትን አላነበቡም?» ብለው አወጡና አነበቡልኝ፤ «ገዳሙ ድመቷን እንደ አንድ መነኩሴ ቆጥሮ የዓሣ ድርሻ ይሰጣት ነበር፤ መግቢያዋም እስከ ዛሬ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ግርጌ ይታያል።»

ድንቢጥ፣ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። አስተማሪዋ ያመመኝ መስሏቸው ውሃ ሰጡኝ። ኃላፊው ደግሞ ነገሩን ሰምቶ፣ «መጽሐፉን በጎብኚ ፊት ይቃወማሉ፤ ከእንግዲህ በር መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው ሥራዎ» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስጎበኘሁትን ግቢ ከዛሬ በኋላ አስጎብኚዋ ከመጽሐፉ እያነበበች ስታሳይ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

ይህ ግን አይደለም የገረመኝ። የድመቷን ወሬ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። አንቺ እዚያ በሄድሽ በመጀመሪያው ዓመት ታመሽ ሆስፒታል የተኛሽ ጊዜ፣ እንድትስቂ ብዬ የጻፍኩት ቀልድ ነው። ደብተሬ ላይ የለም። ለትኬት ቆራጩ አልነገርኩትም። ለጎብኚ ተናግሬው አላውቅም፤ እኔ ሰው አላታልልም። በዚህ ምድር ላይ ድመቷን የሚያውቃት አንድ ሰው ብቻ ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ደብዳቤዎቼ የት ናቸው?

ጋሼሽ


ጥር 12 ቀን

ድንቢጥ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዬ እንደደረሰሽ ጎረቤትሽን ጠይቄ ጽፋልኛለች። ኮቱን በመጣበት ሰው እጅ መልሼዋለሁ፤ አልለበስኩትም።

ጋሼ


የካቲት 2 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰላም ለማለት አፍ የለኝም፤ ግን ደብዳቤ ያለ ሰላምታ እንደማይጀመር ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ጤናዎ ይብዛልኝ፤ ጉልበትዎን ይማርልኝ።

ደብዳቤዎቹ አሁን እኔ ጋ ናቸው፣ መቶ አሥራ ሁለቱም። ካቻምና ግን አራት ወር ሙሉ ፕሮፌሰሩ ጋ ነበሩ። የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ልናገር። እሳቸው የቆዩ መጻሕፍት ሲገነጠሉባቸው እኛ ጋ ያስጠርዛሉ። አንድ ቀን መጡና ለአለቃዬ ስለ ጉዟቸው ሲያወሩ፣ «አገር ቤት አንድ የፈረሰ ገዳም ጎበኘሁ፤ ድንጋይ ብቻ ነው፣ የሚነገር ነገር የለውም» ሲሉ ሰማሁ። ጋሼ፣ ደሜ ፈላ። መርፌዬን አስቀምጬ፣ «ምንም የለውም? ጋሼ ቁልፉን አላገኙም እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። በማግስቱ ደብዳቤዎቹን በሙሉ በቦርሳ ይዤ መጣሁ። ልኮራብዎት ነበር። ሁለቱን ቆመው አነበቡና ፊታቸው ተለዋወጠ። «ለአንድ ሳምንት ልዋሳቸው» አሉኝ።

የዚያን ሰሞን የመኖሪያ ወረቀቴ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። የታወቀ ሰው የምስክርነት ደብዳቤ ካልጻፈልኝ አይታደስም ነበር። እሳቸው ሳልጠይቃቸው ጻፉልኝ። እኔም ደግ ሰው መስለውኝ እጃቸውን ሳምኩ።

ከዚያ ባለፈው ግንቦት የአንድ መጽሐፍ ወረቀት ለጥራዝ መጣ። ማሽኑ ላይ የመጀመሪያውን እጥፋት ሳስገባ ዓይኔ «አሥራ አራተኛው ተሰብሯልና ተጠንቀቁ» የሚለው ላይ አረፈ። ሥራውን አቁሜ ስምዎን ፈለግኩ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ፈለግኩ። ምስጋናው ላይ «ለአካባቢው ሰዎች» ይላል፣ ያ ብቻ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቅጂ ነው፤ ሁሉም በእጄ አልፏል። ሰፋሁት፣ ሙጫ ቀባሁት፣ አሰርኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ ጣቶቼን ሳያቸው አደርኩ፤ እንቅልፍ አልነበረም።

ዝም ያልኩት ወረቀቴ በመጪው ሰኔ እንደገና ስለሚታደስና የሚፈርሙልኝ እሳቸው ስለሆኑ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ አሳምሬም አላቀርበውም። እርስዎ ትኬት ቆራጩን እንደከሰሱ ሲጽፉልኝ እንኳ፣ ያ ሰው በእኔ ኃጢአት ሲዋረድ እያየሁ፣ ኮት ገዝቼ ላክሁ።

ቢረግሙኝም ይገባኛል።

ድንቢጥ


የካቲት 25 ቀን

ድንቢጥ፣

አልረግምሽም። መርቄ ያሳደግኩትን አፌ አይረግምም። ግን ተቀይሜሻለሁ፤ ቅያሜውም የዋዛ አይደለም።

ማዋስሽ አይደለም ያንገበገበኝ። ስለ እኔ ኮርተሽ ነው ያሳየሽው፣ ገባኝ። ያንገበገበኝ ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው ነው። አምስት ወር! እኔ እዚህ በወዳጄ ላይ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ስነሣ፣ አንቺ እውነቱን ኪስሽ ውስጥ ይዘሽ «ደግ ሰው ነው» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ደግ ሰው መሆኑንማ እኔም አውቅ ነበር!

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ትኬት ቆራጩ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍቶ ግባም አላለኝ፣ ውጣም አላለኝ። ደፉ ላይ ቆሜ ነገርኩት፤ ያደረገችው የእኔው ልጅ ናት፣ አንተ ንጹሕ ነህ፣ በድዬሃለሁ አልኩት። በሩን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ፣

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት» አለኝ። «ደብተርህን አንድ ቀን ከፍቼው አላውቅም። ብከፍተውስ? ጽሑፍህ መቼ ይነበባልና ነው የምሸጠው?»

ልስቅ አልደፈርኩም። እሱም አልሳቀም። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። እስካሁን ሰላምታችን በአንገት ነው።

ፕሮፌሰሩ ደግሞ ሊመጣ ነው። መጋቢት ሠላሳ ትልቅ ሰሌዳ በሩ ላይ ይተከላል፤ የመጽሐፉ ቃል ተቀርጾበታል። ኃላፊው ጠርቶኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ዝናብ ከመጣ ጃንጥላውን ይይዛሉ።» እንዲህ ነው እንግዲህ፤ በሰው ወርቅ የሚደምቀው እሱ፣ ወርቁን ከዝናብ የምከልለው እኔ።

ከአንቺ ምንም አልጠይቅም። ምንም አትላኪ።

ጋሼ


መጋቢት 12 ቀን

ለጋሼ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ምንም አትላኪ ብለውኛል፤ ይህን አንድ ፖስታ ግን ከመክፈትዎ በፊት አይመልሱት።

ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሄድኩ። ወንበር ሰጡኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። መጽሐፉን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ፣ «የጋሼዬ ስም የት አለ?» አልኳቸው።

«የማን?»

«የጻፉት ሰው።»

ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ደብዳቤ እኮ ጥሬ ዕቃ ነው። አንድ ዘበኛ በተነው፣ እኔ ሰብስቤ መጽሐፍ አደረግኩት። እኔ ባልኖር ያ ሁሉ ከእሳቸው ጋር መቃብር ይወርድ ነበር። ሊያመሰግኑኝ ነው የሚገባ።»

«ድመቷስ?»

«የቷ ድመት?»

ነገርኳቸው። ቀልድ እንደሆነ፣ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ እንድስቅ የተጻፈልኝ እንደሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታቸው ጠፋ። ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «በሰኔ ወረቀትሽን ማን እንደሚፈርም አትርሺ» አሉኝ።

«አልረሳሁም። ለዚያ ነው እስከ ዛሬ ያልመጣሁት» ብያቸው ወጣሁ።

ደረጃውን ወረድኩ። ወደ ቤቴ ግን አልሄድኩም። ደብዳቤዎቹን ይዤ በቀጥታ የመጽሐፉ አሳታሚ የሆኑት ሴትዮ ጋ ሄድኩ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ሊሰሙኝ አልፈለጉም፤ ጥራዝ ቤት የምሠራ መሆኔን ሲያውቁ ስለ ሒሳብ የመጣሁ መሰላቸው። እያንዳንዱን ደብዳቤ ከነፖስታው ማኅተም ከገጹ ጎን ዘረጋሁላቸው። ሃምሳ ሦስት ገጽ ቃል በቃል ነው። ሴትዮዋ አንዱን አነበቡ፣ ሌላውን አነበቡ፤ ከዚያ ጸሐፊያቸውን «በሩን ዝጊው» አሏት። ዋናዎቹን አስቀምጪ ቢሉኝ እምቢ አልኩ፤ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ተገልብጠው እስኪያልቁ ጠብቄ መልሼ ይዤያቸው ወጣሁ። ሁለተኛ ጊዜ አልሞኝም።

ለመኖሪያ ወረቀት ጽሕፈት ቤቱም የፕሮፌሰሩን ምስክርነት እንደማልፈልገው ጽፌ አስገብቻለሁ። በሰኔ የሚሆነውን በሰኔ እናያለን።

የደብዳቤዎቹን ግልባጭ በዚህ ፖስታ ልኬልዎታለሁ። ለመጋቢት ሠላሳ ይደርሱ ይሆናል።

ድንቢጥ


ሚያዝያ 9 ቀን

ለድንቢጥ፣

ጤና ላንቺ ይሁን። ፖስታው ዋዜማው ላይ ደርሷል። አልመለስኩትም።

ቀኑን ልንገርሽ፤ ለሌላ ሰው ብነግረው አይጥመኝም።

ስልሳ ያህል ሰው መጣ። ሰሌዳው በጨርቅ ተሸፍኗል። ዝናብ የለም፤ እኔ በር ላይ ጃንጥላዬን እንደ ከዘራ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ሰውየው ከቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ፊት ቆሞ ተናገረ። አፉ ማር ነው፣ አይካድም። «እነዚህ ድንጋዮች ያናግሩኝ ነበር» አለ። በሁለት ሰዓት ውስጥ! እኔን ለማናገር አሥር ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ከዚያ እኒያ አስተማሪ እጃቸውን አወጡ። «ፕሮፌሰር፣ አሥራ ሰባቱን ደረጃ ብናይ ደስ ይለናል።» ሰዉ አጨበጨበ። ኃላፊው አስጎብኚዋን ሊጠራ ሲል እኔ ከበሩ መጣሁና አሥራ አንዱን ቁልፍ ከነቀለበቱ በፕሮፌሰሩ እጅ ላይ አስቀመጥኩ።

«ይምሩን ጌታዬ» አልኩ። «የሚያውቁት ራስዎ ነዎት።»

ቁልፎቹን ይዞ ሄደ። ስልሳ ሰው ከኋላው ተከተለ። በመነኮሳቱ መመላለሻ ግቢ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዞረ፤ የምግብ አዳራሹን በር አልፎ እንደገና ዞረ። በመጨረሻ አንድ የተዘጋ የእንጨት በር አገኘና ፊቱ በራ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይሞክር ጀመር። ሰባተኛው ከፈተ። ውስጡ የሣር ማጨጃው ማሽንና የአጫጆቹ ቦት ጫማ ነው።

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላ።

«ጌታዬ፣ ወጥ ቤቱ ከጀርባዎ ነው» አልኩት። «የደረጃውም በር ቁልፍ ኖሮት አያውቅም።»

ኃላፊው ክንዴን ያዘኝ። አስተማሪዋ «ይናገሩ!» ብለው ጮኹ። ግልባጮቹን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ስለ ግራኙ ጠራቢ የጻፍኩልሽን፣ ከነቀኑ፣ አነበብኩ። አስተማሪዋ መጽሐፋቸውን ከፍተው በጣታቸው ይከተሉኝ ነበር። አንድም ቃል አልጎደለም። ሰውየው «ይህ የተቀነባበረ ነው» አለ። ያን ጊዜ ማን ወጣ መሰለሽ? ትኬት ቆራጩ። በሥራ ልብሱ፣ ትኬቱን በእጁ እንደያዘ፣ በሰው ፊት።

«እኔ ምስክር ነኝ» አለ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ሰው ከግድግዳ ጋር ሲያወራ አይቼዋለሁ። እርስዎን ያየሁት አንድ ጠዋት ነው።»

በሰው ፊት ያዋረድኩት ሰው፣ ድንቢጥ፣ በሰው ፊት አነሣኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ዓይኔን ይቆጠቁጠኛል።

ሰውየው መኪናው ውስጥ ገባ። ሰሌዳው እንደተሸፈነ ቀረ። እኔ ግን ፍትሕ አገኘሁ እንዳትዪ። በማግሥቱ ደብዳቤ ተሰጠኝ፤ «በእንግዳ ፊት በፈጸሙት የሥነ ሥርዓት ጉድለት» ለሦስት ወር ታግጃለሁ። ቁልፎቹን አስረከብኩ። ሌባው በመኪና፣ የተሰረቀው በእግር!

ሦስት ቀን ቤቴ ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን ሄጄ ትኬት ቤቱ መስኮት ላይ ቆምኩ።

«አንድ ሰው?» አለኝ ትኬት ቆራጩ፣ የማያውቀኝ መስሎ።

«አንድ ሰው።»

«ለአዛውንት ቅናሽ አለን።»

«ሙሉውን ቁረጥ።»

ትኬቴን ይዤ ጎብኚ ሆኜ ገባሁ። ጎብኚ ደግሞ እንደ ልቡ ይናገራል፤ ይህን የሚከለክል ደንብ የላቸውም። ለራሴ እያወራሁ ስሄድ ሁለት ሰዎች ተከተሉኝ፤ ምሳ ሰዓት ላይ አሥራ ስድስት ሆኑ። ኃላፊው ከቢሮው መስኮት ያያል። ምን ያድርገኝ? ከፍዬ ነው የገባሁት። በየቀኑ እሄዳለሁ።

ጋሼሽ


ሰኔ 8 ቀን

ለውድ ጋሼ፣

ጤናዎን፣ ትኬትዎንም ፈጣሪ ይባርክልኝ። ደብዳቤዎን ለአለቃዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ መጀመሪያ ግን «ላንብበው?» ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ስለ ሰሌዳው ብቻ አነበብኩ።

አሳታሚዋ መጽሐፉን ከሽያጭ አንሥተዋል። ያልተሸጡት አራት መቶ ቅጂዎች ተመልሰው እኔው ጠረጴዛ ላይ መጡ፤ ሽፋናቸው ተገንጥሎ ወረቀቱ ሊፈጭ። ስሰፋው ያልተናገርኩትን ስፈታው አለቀስኩ። ፕሮፌሰሩ በጋዜጣ «የምንጭ አጠቃቀም ስሕተት» ተፈጥሯል ብለዋል። ስሕተት! አሁንም ያስተምራሉ። ተማሪዎቻቸው አሁንም ብድግ ይሉላቸዋል። ስሰማ ጥርሴን ነከስኩ።

የመኖሪያ ወረቀቴን አለቃዬ ፈርመውልኛል፤ ግን የታወቁ ሰው ስላልሆኑ ለስድስት ወር ብቻ ነው የታደሰው። ከዚያ በኋላ አላውቅም።

አሳታሚዋ አሁን በእርስዎ ስም አዲስ መጽሐፍ ማሳተም ይፈልጋሉ። ደብዳቤዎቹን እንዳሉ ነው የሚፈልጓቸው። ፈቃድዎን የሚጠይቀው ወረቀት እዚህ ውስጥ አለ። ቢፈርሙም ባይፈርሙም እኔ የማዝዎት ነገር የለም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምን፤ ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ ድንቢጥ


ሐምሌ 16 ቀን

ለድንቢጤ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ በጉብኝት ብዛት ተፈታ፤ ሐኪሙ ምን እንዳደረግኩ ሲጠይቀኝ «ትኬት ቆረጥኩ» አልኩት።

እገዳዬ አልቆ ቁልፎቹን መልሰውልኛል። ከቁልፎቹ ጋር የመጣው ደብዳቤ ሁለት መስመር ነው፤ «በአሠራሩ መሠረት ወደ ሥራዎ ይመለሱ» ይላል። ይቅርታ የሚል ቃል ይኖር እንደሆነ ብዬ ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፣ የለም። ሰሌዳውን ሌሊት ነቅለው ወስደውታል፤ ጉድጓዶቹ ግን አልተሞሉም፣ ጎብኚ ይሰናከልባቸዋል። ሙሉት ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌአለሁ። በአራተኛው በአካፋ ራሴ እሞላዋለሁ። አስጎብኚዋ ግን ማለፊያ ልጅ ናት፤ መጽሐፉን ጥላ ደብተር ይዛ ትከተለኛለች። ከትኬት ቆራጩ ጋርም ምሳችንን አንድ ላይ መብላት ጀምረናል። እስካሁን ብዙ አናወራም።

ስለ ፈቃዱ ወረቀት፣ አልፈረምኩትም። ባዶውን መልሼ ልኬልሻለሁ። ተቆጥቼ አይደለም፣ ስሚኝ። ብዙ አሰብኩበት። ያ ሰው ከእኔ ብቻ የሰረቀ መስሎኝ ነበር። እነዚያን ደብዳቤዎች ግን እኔ ለገዳሙ አልጻፍኩም፤ ለመጽሐፍም አልጻፍኩም። ወላጅ የሌላት ልጅ በሰው አገር ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው የጻፍኩት። ፖስታው ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው። የተሰጠሽ ያንቺ ነው። ልታሳትሚው ከፈለግሽ አንቺ ፈርሚ፤ ልትደብቂው ከፈለግሽ ደብቂው። ለአሳታሚዋም «ጋሼ እንዲህ ብሎ ጻፈ» አትበይ፤ አንቺው ወስኚና አንቺው ንገሪያቸው። ዝም ማለት ግን ከእንግዲህ የለም፣ እሺ?

ይቅርታውን በደብዳቤ ጠይቀሽኛል። በደብዳቤ አልሰጥሽም። በደብዳቤ የሰጠሁሽ ሁሉ የት እንደደረሰ አይተናል። እኔ አሁንም ተቆጥቼሻለሁ፤ ስድስት ወርሽ ሲያልቅ ቢያድሱልሽም ባያድሱልሽም አንድ ጊዜ ነይ። ወንበር አስቀምጬ፣ ሻይ አፍልቼ፣ ፊት ለፊት ልቆጣሽ እፈልጋለሁ። ቁጣዬ ሳያልቅ ድረሺ።

ጋሼሽ